ትንሽ ሳብማሪን ለምትሠሩ፦ ክብደቱንና ሞተሩን አንድ ላይ እንዴት ታመዛዝኑታላችሁ

ሰው ሳብማሪን (ውሃ ውስጥ የሚሄድ ሰርጓጅ ጀልባ) ልሥራ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው «ይሄ ሁሉ ብረት ይዞኝ ቢሰምጥስ» የሚለው ነው። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው፣ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሳወርደው ግን ነገሩ ተገልብጦ አገኘሁት። በእጅ የምትሠራ ትንሽ ሳብማሪን ዋና ችግሯ መክበዷ ሳይሆን መቅለሏ ነው። ባዶ በርሜል አፉን ዘግታችሁ ውሃ ውስጥ ለመድፈቅ ሞክራችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ በሁለት እጅ ብትጫኑት እንኳን ተንሸራቶ ብቅ ይላል። ሳብማሪን ደሞ ሰው የሚገባበት ትልቅ በርሜል ናት። እሷን ለማጥለቅ የምትጨምሩት ክብደት የግድ ስለሆነ ጥያቄው «ክብደቱን ከምን ላድርገው» ይሆናል ማለት ነው፣ ሞተርና ባትሪ የሚገቡትም እዚህ ጋ ነው፣ ለዛ ነው ሁለቱን ለየብቻ ማስላት የማያዋጣው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ይሄ መመሪያ ስለ ሚዛንና ስለ ጉዞ ነው እንጂ ስለ አካሏ ጥንካሬ አይደለም። የውሃ ግፊት በየ10 ሜትሩ በ1 ባር (በካሬ ሜትር 10 ቶን ያህል) ገደማ ይጨምራል፣ 30 ሜትር ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 30 ቶን ያህል ይሸከማል። ስለዚ የብረቱን ውፍረት፣ ብየዳውን፣ የመስኮቱን አክሪሊክ የሚያሰላላችሁ የግፊት ዕቃ የሚያውቅ ኢንጂነር ይኑር፣ እንደ ዲኤንቪና ኤቢኤስ ያሉ መርከብ መርማሪ ድርጅቶችም ሰው ለሚጭኑ ሰርጓጆች የወጣ ደንብ አላቸው፣ እሱን ሳታዩ ብረት አትቁረጡ። ከታች የምጠቅሳቸው ውፍረቶች ለሒሳብ ምሳሌ ብቻ ናቸው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ይዘቷን አስሉ

ከክብደት አትጀምሩ፣ ከይዘት ጀምሩ። ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ወደ ላይ የሚገፋው ያስለቀቀውን ውሃ ክብደት ያህል ነው፣ 1 ሊትር ያስለቀቀ 1 ኪሎ ይገፋል በቃ። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 1 ሜትር፣ ቀጥ ያለው ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ቱቦ ጫፍና ጫፉ ግማሽ ኳስ ቢሆን 2,094 ሊትር ገደማ ይሆናል። ላዩ ላይ ለጭንቅላትና ለመግቢያ የሚሆን 50 ሴንቲ ስፋት 40 ሴንቲ ቁመት ያለው አንገት ስንጨምር ሌላ 78 ሊትር፣ በድምሩ ወደ 2,170 ሊትር። እንግዲህ ይቺ ጀልባ ውሃ ውስጥ ሳትሰምጥም ሳትወጣም እንድትቆም ሰዎቹን ጨምሮ የግድ 2,170 ኪሎ መመዘን አለባት። ስፋቱን ስትለኩ የውጩን ለኩ፣ ውሃ የሚያየው የውጩን ነው። ከውጭ የሚሰቀለው ነገር ሁሉ፣ የአየር ሲሊንደሩ፣ የባትሪው ሳጥን፣ ብረቱ ራሱ፣ የየራሱ ይዘት ስላለው እሱም ይደመር።

ደረጃ 2፦ የክብደት ሰንጠረዥ

ኤክሴል ክፈቱና ለእያንዳንዱ ዕቃ አምስት አምድ ስጡት፦ ስም፣ ክብደት፣ ከአፍንጫዋ ያለው ርቀት፣ ከወለል ያለው ከፍታ፣ የውጭ ይዘት። አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ግን ስልቹ ሰው ይሄን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቡሎን፣ ዋየር፣ ቀለም ሳይቀር ይደመራል፣ የተረሳው ዕቃ ደሞ ሁሌ ከታሰበው በላይ ነው። ዕቃው እጃችሁ ላይ ካለ በግምት አትጻፉ፣ መዝኑት።

የኛን ምሳሌ እንይ። የቱቦው ገጽ ወደ 9.4 ካሬ ሜትር ነው፣ 6 ሚሊ ብረት በካሬ ሜትር 47 ኪሎ ስለሚመዝን ቅርፊቱ 440 ኪሎ ገደማ። ለቀለበት፣ ለአንገት፣ ለክዳን፣ ለእግርና ለታንክ 250 ያዙ። ሁለት ሰው 160፣ ስምንት ባለ12 ቮልት፣ የ100 አምፒር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ እያንዳንዱ ወደ 30 ኪሎ ስለሆነ 240፣ ሞተርና አየር ሲሊንደር ምናምን 150። ድምሩ 1,240 ኪሎ። የሚያስፈልገው ግን 2,170 ነበር! 930 ኪሎ ጎደለ፣ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ባዶ ክብደት ከየትም አምጥታችሁ መጫን አለባችሁ ማለት ነው።

ይሄ ቁጥር ነው ብዙ ሰው በመሃል ሥራውን እንዲተው የሚያደርገው፣ ምክንያቱም የሚያገኘው ብየዳው ካለቀ በኋላ ነው። «ትንሽ ዘርጋ ብዬ እንድቀመጥ» ብላችሁ ቱቦውን በ10 ሴንቲ ብታስረዝሙት ይዘቱ በ78 ሊትር ይጨምራል፣ ቅርፊቱ የሚጨምረው ግን 15 ኪሎ ብቻ ነው፣ ቀሪውን 63 ኪሎ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ለምቾት የምትሰጡት እያንዳንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ዕዳ ነው።

ደረጃ 3፦ የጎደለውን በሚጠቅም ክብደት ሙሉት

ሁሉንም በእርሳስ መሙላት ይቻላል፣ ግን እኔ መጨረሻ ላይ ነው ወደ እርሳስ የምሄደው። መጀመሪያ ይዘቱን መቀነስ ይቻል እንደሆነ እዩ። ከዛ ብረቱን አወፍሩ፦ 6 ሚሊው 10 ሚሊ ቢሆን ቅርፊቱ 740 ኪሎ ይሆናል፣ ጉድለቱ ወደ 630 ይወርዳል፣ እናንተ ደሞ በነፃ የጥንካሬ መጠባበቂያ አገኛችሁ። ከዛ ባትሪውን ከ8 ወደ 16 አሳድጉት፣ 240 ኪሎ ገባ፣ ጉድለቱ 390 ቀረ፣ የጉዞ ሰዓታችሁ ደሞ እጥፍ ሆነ። ክብደቱ እንደሆነ አይቀርም፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ እየሠራ ይቀመጥ።

ሊቲየም ባትሪ የሚያጓጓውም ሰው እዚህ ጋ ቆም ብሎ ያስብ። ተመሳሳይ 100 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 12 ኪሎ ገደማ ነው፣ በመኪና ላይ ትልቅ ጥቅም ነው፣ በሳብማሪን ላይ ግን ያዳናችሁትን 18 ኪሎ መልሳችሁ እርሳስ ትጭናላችሁ። የሚያዋጣው ቦታ ከጠበባችሁ ወይም በዛው ክብደት ብዙ ጉልበት ከፈለጋችሁ ብቻ ነው።

የቀረውን 390 ሁሉንም በአንዴ አትበይዱት። ከ150 ኪሎ ያላነሰ የሚጣል ክብደት ይሁን፣ ሌላው ከታች የሚታሰር፣ ጥቂቱ ደሞ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ሆኖ ለማስተካከያ ይቀመጥ። እርሳስ ከውጭ ከሰቀላችሁ ራሱም ውሃ ያስለቅቃልና 100 ኪሎው 91 ኪሎ ብቻ ይሠራል፣ ብረት 87፣ ኮንክሪት ወደ 58 ይወርዳል። ኮንክሪት ርካሽ ነው ብላችሁ ከውጭ የምትሰቅሉ ሰዎች ይሄን ሒሳብ አትርሱት።

ደረጃ 4፦ ሦስቱን የባላስት (ለማጥለቅና ለማመዛዘን የሚያዝ ውሃ ወይም ክብደት) ዓይነት አትቀላቅሉ

ዋናው ታንክ ከታች ክፍት፣ ከላይ ቫልቭ ያለው፣ ከውጭ የሚለጠፍ ነው። ውስጡና ውጩ እኩል ግፊት ስላለው ቀጭን ላሜራ ይበቃዋል። ሥራው አንድ ነው፣ ወይ ሙሉ ለሙሉ አየር ይዞ ላይ ያንሳፍፋችኋል፣ ወይ ሙሉ ለሙሉ ውሃ ሞልቶ ያጠልቃችኋል። 250 ሊትር ከሆነ 250 ሊትር ያህል የጀልባዋ አካል ከውሃ በላይ ይወጣል፣ መግቢያው ከማዕበል ከፍ የሚለው በዚህ ነው። ከፊትና ከኋላ ከፍላችሁ ሥሩት፣ አንድ ረጅም ታንክ ከሆነ ውሃው ወዲያ ወዲህ እየሄደ ያዘነብላችኋል።

«ሙሉ ለሙሉ» ያልኩት በምክንያት ነው። በፕላስቲክ ቱቦ በሠራሁት ትንሽ ሞዴል ላይ የአየር ማስወጫውን ቀዳዳ ከታንኩ ጫፍ ትንሽ ዝቅ አድርጌ በስቼው ነበር፣ ላይ ላይ ትንሽ አየር ቀረ፣ እኔ ደሞ ሳላውቅ ሚዛኑን ከዛ አየር ጋር አስተካከልኩት። አንድ ሜትር ላይ ቆንጆ ቆመ፣ ትንሽ ገፋ ሳደርገው ግን ማቆሚያ አልነበረውም፣ እስከ ወለሉ ወረደ። የቀረ አየር ሲጠልቅ ይጨመቃል፦ ላይ 20 ሊትር የነበረ 10 ሜትር ላይ 10 ሊትር ይሆናል፣ 10 ኪሎ ከበዳችሁ ማለት ነው፣ ስትከብዱ ትወርዳላችሁ፣ ስትወርዱ ይበልጥ ትከብዳላችሁ። ስለዚ ማስወጫው የታንኩ ከፍተኛ ቦታ ላይ ይሁን፣ ለማንሳፈፊያ ተራ ፎምም አትጠቀሙ፣ እሱም እንደዛው ይጨመቃል።

ሁለተኛው የማስተካከያ ታንክ ነው፣ ይሄኛው ዝግ ስለሆነ እንደ ዋናው አካል የውሃውን ግፊት መቋቋም አለበት። ሰው ከሰው በክብደት ይለያያል፣ ሁለት ቀጫጭን ሰዎችና ሁለት ግዙፎች መካከል 100 ኪሎ ልዩነት ይኖራል። ውሃውም ይለያያል፣ የባህር ውሃ ከጣፋጩ 2.5 በመቶ ገደማ ስለሚከብድ ሐይቅ ላይ ልክ የነበረችው ጀልባችን ባህር ላይ 54 ኪሎ ትቀላለች። ታንኩ ይሄን ሁሉ መሸከም ካልቻለ በከረጢት የታሰረ እርሳስ ይደገፍ።

ሦስተኛው የሚጣለው ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1775 አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ቡሽኔል የሠራት አንድ ሰው የምትይዘው «ተርትል» እንኳን ከሥሯ 90 ኪሎ ገደማ እርሳስ ወደ ታች ለቃ ቶሎ መውጣት እንድትችል ተደርጋ ነበር። በእጅ የሚፈታ ይሁን፣ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ አይሁን። 150 ኪሎ እርሳስ ስትጥሉ 137 ኪሎ ገደማ ወደ ላይ ትገፋላችሁ፣ ማስተካከያው ታንክ በስህተት ሙሉ ለሙሉ ቢሞላ እንኳን ከዛ መብለጥ አለበት። ቦታው ልክ መሃል ላይ ይሁን፣ ሲወድቅ ጀልባዋ በአፍንጫዋ እንዳትቆም።

ስለ አየሩ፦ 12 ሊትር የስኩባ ሲሊንደር በ200 ባር 2,400 ሊትር ያህል አየር ይዟል። 30 ሜትር ላይ የውሃው 3 ባር ከላይ ካለው የአየሩ 1 ባር ጋር 4 ስለሚሆን፣ 250 ሊትር ታንክ ለመንፋት አራት እጥፉን፣ 1,000 ሊትር ይበላል። ስለዚ አንዱ ሲሊንደር ታንኩን ሁለት ጊዜ ይነፋል ብላችሁ ያዙ፣ ሌላ አንድ ደሞ ለክፉ ቀን ሳይነካ ይቀመጥ።

ደረጃ 5፦ ክብደቱ የት እንደተቀመጠ

ድምሩ ልክ ሆኖ አቀማመጡ ከተበላሸ ሁሉም ከንቱ ነው። ሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱን ክብደት በርቀቱ አባዙና ደምራችሁ ለጠቅላላው ክብደት አካፍሉ፣ የስበት ማዕከሉን ታገኛላችሁ። በይዘቱም እንደዛው አድርጉ፣ የማንሳፈፊያውን ማዕከል ታገኛላችሁ። ሁለቱ ከፊት ወደኋላ ሲታዩ አንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው፣ ከላይ ወደታች ሲታዩ ደሞ የስበቱ ከማንሳፈፊያው በታች መሆን አለበት።

በመካከላቸው ያለው ከፍታ ነው ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዛት። ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ ርዝመቷ ራሱ ይረዳታል፣ ስትጠልቅ ግን ያ እርዳታ ይጠፋል፣ ወደፊት ማዘንበልም ወደጎን ማዘንበልም የሚያግደው ያቺው ከፍታ ብቻ ናት። ቁጥሩን እዩት፦ ከፍታው 8 ሴንቲ ከሆነ አንድ 80 ኪሎ ሰው ግማሽ ሜትር ወደፊት ዘንበል ሲል አፍንጫዋ 13 ዲግሪ ትደፋለች። 15 ሴንቲ ከሆነ 7 ዲግሪ ብቻ። ባትሪው እዚህም ይጠቅማል፣ 240 ኪሎ ባትሪ በ40 ሴንቲ ዝቅ ሲል የጀልባዋ የስበት ማዕከል 4.4 ሴንቲ ይወርዳል። ከባድ ነገር ሁሉ ወለል ላይ፣ ቀላል ነገር ሁሉ ጣሪያ ላይ።

ደረጃ 6፦ ፍጥነት ምን ያህል ያስከፍላል

እዚህ ጋ ምኞታችሁን ቀንሱ። የውሃ መጎተት በፍጥነቱ ካሬ ይጨምራል፣ የሚፈለገው ጉልበት ደሞ በኩብ፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ። ለኛዋ ጀልባ ታንኩንና አንገቱን ጨምሮ የፊት ስፋቷን 1.2 ካሬ ሜትር፣ የመጎተት ቁጥሯን (ቅርጿ ውሃውን ምን ያህል እንደሚቃወም የሚያሳየውን) 0.5 ብለን ብንይዝ፣ በ2 ኖት (በሰዓት 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ) ወደ 320 ኒውተን (የ32 ኪሎ ያህል ኃይል) ትጎተታለች። ሞተሩም ፕሮፔለሩም ስለሚያባክኑ ከባትሪው የሚወጣው 40 በመቶው ብቻ ይደርሳል እንበል፣ ያ ማለት ወደ 820 ዋት። በ3 ኖት 2,750 ዋት፣ በ4 ኖት 6,500። ከፈጣን እግረኛ ብዙም ላላለፈ ነገር ይሄ ሁሉ!

እኔ 2 ኖት ለማየትም ለመመለስም ይበቃል ባይ ነኝ፣ ውሃው ራሱ ከዛ በላይ የሚፈስበት ቦታ ግን አትግቡ። የተሻለ ፍጥነት ከፈለጋችሁ ትልቅ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ከውጭ የተንጠለጠለውን ቱቦና ማዕዘን ሸፍኑ፣ ርካሹ ጉልበት የተቀነሰ መጎተት ነው። ሽፋኑ ውስጥ የሚገባው ውሃ ግን ክብደት ባይሆንም አብሯችሁ ይጓዛል፣ ለመነሳትም ለመቆምም ያዘገያል፣ ድንጋይ ፊት ሁለት ቶን ያለፈ ነገር ቶሎ አይቆምም።

ደረጃ 7፦ ሞተር መምረጥና ማሰር

ብዙ ሠሪዎች የሚጠቀሙት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ የሚሰቀለውን ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። 55 ፓውንድ የሚባለው ወደ 25 ኪሎ ይገፋል፣ በ12 ቮልት 50 አምፒር አካባቢ ይወስዳል። ሁለቱ በግራና በቀኝ ቆመው 490 ኒውተን ያህል ይሰጣሉ፣ ይሄ ግን ጀልባዋ ቆማ ሲለካ ነው፣ ስትሄድ ይቀንሳል፣ ስለዚ ለ2 ኖት ልክ ናቸው። ሁለት መሆናቸው ሌላም ጥቅም አለው፣ አንዱን ወደፊት ሌላውን ወደኋላ አድርጋችሁ ባላችሁበት ትዞራላችሁ፣ አንዱ ቢሞት በሌላው ትመለሳላችሁ። ዝግ ብሎ የሚዞር ሰፊ ፕሮፔለር በዚህ ፍጥነት ከትንሽና ፈጣኑ ይሻላል።

እነዚህ ሞተሮች ለጥልቀት አልተሠሩም፣ የዘንጉ ጎማ ግፊቱን አይችልም፣ ውሃ ያስገባል። መፍትሔው ውስጡን በቀጭን የማዕድን ዘይት ሞልቶ ከሚጨመቅ የጎማ ከረጢት ጋር ማገናኘት ነው፣ ያኔ የውስጡና የውጩ ግፊት እኩል ይሆናል። ካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር በዘይት ውስጥ ትንሽ ጉልበት ያጣል፣ ቶሎም ይቆሽሻል፣ በየጊዜው ፈታችሁ አጽዱት።

የሚታሰሩበት ከፍታ ከምታስቡት በላይ ወሳኝ ነው። የሁለቱ ማዕከሎች ከፍታ 8 ሴንቲ ሆኖ ግፊታቸው ውሃው ጀልባዋን ከሚጎትትበት መሃል በ30 ሴንቲ ዝቅ ካለ በ2 ኖት አፍንጫዋን 3 ዲግሪ ያነሳል፣ በ3 ኖት 7 ዲግሪ፣ ከፍ ካለ ደሞ እንደዛው ይደፋታል። ክብደት አዘዋውራችሁ ይሄን ማስተካከል አትችሉም፣ ምክንያቱም ፍጥነት ስትቀይሩ ማዘንበሉም ይቀየራል። ስለዚ ሞተሩን ልክ በመጎተቻው መሃል ከፍታ እሰሩት፣ የሚስተካከል መያዣ አድርጉለት። ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ ትንሽ ሞተር ጥሩ ነው፣ ለጥቂት ኪሎ ማረሚያ ብቻ። ሁሌ እሱን እያሠራችሁ ከቆማችሁ ባላስቱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ፕሮፔለሩ ላይ ሁሉ ቀለበትና መከላከያ ይኑር፣ ገመድና መረብ ትልቁ ጠላት ነው።

ደረጃ 8፦ ባትሪውን ከጉዞው ጋር አስታርቁ

16 ባትሪ በወረቀት 19.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ባታወርዱት ዕድሜው ይረዝማል፣ ስለዚ 9.6 ያዙ። በ2 ኖት ከ11 ሰዓት በላይ፣ በ3 ኖት ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በ4 ኖት አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ። ቶሎ ሲፈስ ደሞ የእርሳስ ባትሪ የሚሰጠው ይቀንሳል። እኔ የማየውን ሁሉ በሦስት እከፍላለሁ፣ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ፣ አንዱ የማይነካ።

ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱ ብሬከር ይኑረው። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ይለቃል፣ አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ሊፈነዳ ይችላል፣ ስለዚ ክዳኑ ተከፍቶ ፋን እየሠራ ካልሆነ አትሙሉ። የባህር ውሃ ባትሪ ላይ ከደረሰ ደሞ ክሎሪን ይወጣል፣ ሳጥኑ ውሃ የማይገባው ይሁን። ከቦታውም እንዳይንሸራተት አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ሲያዘነብል የሚንሸራተት 480 ኪሎ ሰውም ጀልባም ያበላሻል።

ደረጃ 9፦ ሰው ሳይገባ ፈትኑ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እዚህ ጋ አትቸኩሉ። መጀመሪያ በክሬን ላይ ሚዛን አንጠልጥላችሁ መዝኗት፣ ከሰንጠረዡ ጋር ካልገጠመ የረሳችሁትን ፈልጉ። በሰው ፋንታ የአሸዋ ከረጢት ወንበሩ ላይ አስራችሁ ጸጥ ያለ፣ ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ ውሃ ውስጥ በክሬኑ ገመድ እንደተያዘች አውርዷት። ታንኩን ሞልታችሁ ሚዛኑ የሚያሳየውን አንብቡ፣ ወደ ዜሮ እስኪጠጋ እርሳስ ጨምሩ ወይ ቀንሱ።

ከዛ የማዕከሎቹን ከፍታ በእውነት ለኩት። ውስጥ 1 ሜትር ክር ያለው ቱንቢ ስቀሉ፣ ከሥሩ ማስመሪያ አድርጉና በስልክ ቪዲዮ ይቀረጽ። ጠላቂ 20 ኪሎ የሚመዝን ነገር፣ ውሃ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ከውጭ በ60 ሴንቲ ወደፊት ያዛውር። ቱንቢው 7 ሴንቲ ከሄደ፣ 20 በ0.6 አባዝታችሁ ለ2,170 እና ለ0.07 ስታካፍሉ 0.079 ይመጣል፣ ከፍታችሁ 8 ሴንቲ ነው ማለት ነው። ለኔ ያንሳል፣ እርሳሱን ወደታች አውርዱና ድገሙት።

ቀጥሎ የሚጣለውን ክብደት ውሃ ውስጥ ጥላችሁ እዩ፣ ጀልባዋም አዘንብላ ሊሆን ስለሚችል 20 ዲግሪ ዘንበል ብላም ይፈታ። ከዛ ኢንጂነሩ በወሰነው የመፈተኛ ጥልቀት፣ ከምትሄዱበት የሚበልጥ ነው፣ ባዶዋን በገመድ አውርዳችሁ አውጧት። ሰው የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ያውም ጠላቂ ከጎን ቆሞ፣ ገመድና ተንሳፋፊ ምልክት ታስሮባት፣ ወለሉ ቅርብ በሆነበት ቦታ። 50 ሴንቲ ስፋት ያለው ክዳን 1 ሜትር ጥልቀት ላይ እንኳን ወደ 200 ኪሎ ውሃ እንደተጫነው አስታውሱ፣ ውስጥ ያለ ሰው ገፍቶ አይከፍተውም፣ ጠላቂውም ይሄን አውቆ ይግባ።

ከዚህ በኋላ አንድ መብራት እንኳን ብትጨምሩ መጀመሪያ ሰንጠረዡ ላይ ክብደቱን፣ ቦታውንና ይዘቱን ጻፉ፣ ከዛ በክሬን አውርዳችሁ ሚዛኗን ድጋሚ እዩ፣ ከዛ ግቡ።